ወጌሻው እና ባዶው ማሽን

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እንደሚሉት ፕሮግራሙ ማንም ሳይነካው በራሱ ሞተ። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰው እንደሚሉት ግን እጁ የማያርፍ ሰው ነካክቶት ነው። የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጻሕፍቱን የሚመዘግበው ፕሮግራም በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ አልነሳም ብሏል፣ እስከ ነገ ካልተነሳም በሌላ ይተካል።

ጸሐፊውን ሰፈሩ «ወጌሻው» ይላቸዋል፤ ኮምፒውተር ታመመ ከተባለ ፍላሻቸውን ኪሳቸው ከተው ከተፍ ይላሉና። በዚያን ቀን የእህታቸው ልጅ መጽሐፍ ልትመልስ መጥታ ደረጃው ላይ ተገናኙ። እሷ ኮሌጅ የተማረች፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፕሮግራሞችን ለመጫን በሚመች ጥቅል (ፓኬጅ) የምታዘጋጅ ናት።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ስንት ዓመት የደከምኩበትን ሊጥሉብኝ ነው። እቤቴ ግን ምንም አይለውም!»

«ታዲያ ቤትዎንም አብረን እንጫነው?»

«አንቺ ቀልጂ!»

«የምሬን ነው ጋሼ። ጥቅል ብናደርገው እኮ ‹እነ እገሌ ከሌሉ አልነሳም› የሚለውን ዝርዝር አብሮ ይይዛል። አንድ ትእዛዝ ሲሰጡት የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ያሟላል።»

«ከዚያ እኔን ማን ይጠራኛል? ኮዴንስ አደባባይ አውጥቼ ገበናዬን ላሳይ?»

«አሁንም የሚጠሩዎት ለመርዶ ነው!»

ወጌሻው ሳያስቡት ሳቁ፤ ግን በዋዛ አልተረቱም። «ከማላውቀው ሰው እጅ የመጣ ጥቅል እንዴት ይታመናል?»

ጥያቄው ተገቢ መሆኑን እሷም አልካደችም። «ተንኮለኛ ሞልቷል ጋሼ። ለዚህ ነው ጥቅሉ በአዘጋጁ ዲጂታል ማኅተም የሚታተመው፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ማኅተሙ ይፈርሳል፣ ኮምፒውተሩም አልቀበልም ይላል።»

ገብተው ተቀመጡ። እሷ ላፕቶፗ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ፣ ምንም ያልተጫነበት ባዶ ማሽን አስነስታ፣ የፍላሹን ኮድ ሰጥታ «በል ፕሮግራሙን ከዚህ ገንባ» አለችው። ጥቂት ሄዶ ቀጥ አለ፤ አርእስቶችን በፊደል ተራ የሚደረድር አንድ ቁራጭ ፕሮግራም አጣሁ አለ።

ወጌሻው ግንባራቸውን መቱ። «እሱን እኮ ገና ስጀምር ለብቻው ጽፌ፣ እቤት ማሽኔና እዚህ በነበሩት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ጭኜ የረሳሁት ነው!»

ፕሮግራሙ አልሞተም፣ የነካውም የለም፤ ግማሽ አካሉ እቤት ቀርቶ ነበር። ሰፈራቸው ቅርብ ነውና ሄደው አመጡት። እሷም ቁራጩን ለብቻው ጠቅልላ፣ በዋናው ጥቅል መመሪያ ላይ ስሙን ጨመረች። ባዶው ማሽን እስከ መጨረሻው ገነባ። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አንድ ትእዛዝ ሰጡ፤ ሁለቱም ጥቅሎች ተከታትለው ተጫኑ። ኃላፊው የአንድ መጽሐፍ አርእስት ጻፉ፤ ያለበት መደርደሪያ ወዲያው ማያው ላይ ወጣ።

በአንድ ሰው ኪስ ያለ ሙያ ሰውየው ሲታመም አብሮ ይታመማል። በወጉ የተጠቀለለ ሙያ ግን ባለቤቱ ያልረገጠው ከተማ ድረስ ያገለግላል፤ ስህተት ያየም አርሞ ይልካል፣ የጸሐፊው ስምም አብሮት ይዞራል። ወጌሻው ስማቸውን ከጥቅሉ መግለጫ ላይ ሲያነቡ አንገታቸው ቀና አለ። የእህታቸው ልጅም ይህን አይታ ከእሳቸው ይበልጥ ኮራች።

«እንግዲህ በሌላ አንተካውም» አሉ ኃላፊው። «ለሌሎች ቤተ መጻሕፍትስ ይሰጣል ወይስ የእኛ ብቻ ነው?»

ወጌሻው ተነሡ፤ ድምፃቸው አንባቢዎቹን ሁሉ ቀና አደረገ።

«ኮዱ ለሁሉም ይከፈት! የጥቅሉ ጠባቂ፣ የሚያርመውና የሚያድሰው ግን እኔ ነኝ፤ አንቺም ከነገ ጀምሮ አጠቃለሉን ታስተምሪኛለሽ።»