የሐጂ አብደልተዋብ «ደህና ነን»

ከፋዩም ገበያ ስመለስ ሐጂ አብደልተዋብ ከወንድማቸው ልጅ ከነሽዋ ጋር ቦዩ ዳር ሲሟገቱ ደረስኩ። ሰላም ብዬ ልለፍ ስል፣ «ና እስቲ መምህር፣ ዳኘን!» ብለው ያዙኝ። እኔም ሙግት ስለምወድ ለመቆም አላንገራገርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና የገበሬውን ኑሮ የሚያጠና ሰው መጥቶ ነበር፤ ይበልጥ ለተቸገረው መንደር ቦይ ሊጠረግ ታስቦ። «ኑሮ እንዴት ነው?» ሲል ሐጂ ዳክዬ አርደው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም» አሉት። መንደሩም ያንኑ ደገመ። ጠረጋው ለላይኛው መንደር ሆነ፤ የሐጂ ባሚያ ውሃ አጥቶ ደረቀ። ዘንድሮም ከደረቀ የሚያልቧትን ጎሻቸውን መሸጣቸው ነው። አሁን ደግሞ የእርሻ ኮሌጅ የጨረሰችው ነሽዋ በሌላ ዘዴ ላጥና ብላ መጣች።

«ገበናዬን ለባዕድ ልዘርዝር? ጌታዬን ላማርር?» አሉ ሐጂ።

«አጎቴ፣ ማን ያማርሩ አለዎት? እርሻውን አብረን እንዞራለን፤ ውሃው የት ላይ እንደሚቀር ያሳዩኛል። ደህና ኑሮ ማለት ምን እንደሆነም ጎረቤቱ ተሰብስቦ ራሱ ይናገራል።»

«ያ ሰውዬ ታዲያ በከንቱ ነው የደከመው?»

«ኧረ የሱም ያስፈልጋል! መንደርን ከመንደር የምናወዳድረው በቁጥር ነው። ጥያቄው ነው የተበላሸው። እንግዳ ‹እንዴት ነዎት› ሲል አልሐምዱሊላህ የማይል ማን አለ? ‹ልጆቹ ትናንት ምን በሉ› ቢል ግን እውነቱ ይወጣ ነበር። ያን በእግራችን ዞረን ካየነው ጋር ስናስተያይ አንዱ ያንዱን ስህተት ያርማል።»

«አቤት ምላስ!» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

«የከብት ሐኪም ሲመጣስ፣ ‹ጎሿ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት› ብለው ይመልሱታል?» አልኳቸው።

«ምን ሲደረግ! አፏን ፈልቅቄ አሳየዋለሁ እንጂ!» አሉና፣ የተናገሩት ለራሳቸው ሲገባቸው ከት ብለው ሳቁ።

ለነሽዋ ፈረድኩ። ምስጋና ለፈጣሪ ነው፤ ለአጥኚ ግን የሚሰጠው እውነቱ ነው። ይሉኝታ ስንቱን መንደር ጎድቷል!

ጥናቱ ሲያልቅ ቦይ የሚያስጠርገው መሥሪያ ቤት ወጣት ኃላፊ ራሱ ሊያይ መጣ። «እንዴት ነዎት ሐጂ?»

«አልሐምዱሊላህ! በል ና ልጄ፣ በቦዩ ውስጥ እንሂድ።»

ኃላፊው ጎንበስ አለ። «ጫማዬን ላውልቅ?»

«አታውልቅ» አሉት ሐጂ። «ቦዩ ጫማ አለማስወለቁ ነው ችግራችን።»

ቦዩ ተጠረገ፤ ባሚያውም አፈራ፣ ጎሿም ሳትሸጥ በበረቷ ቀረች። ትናንት ሐጂን ልጠይቅ ቦዩን ስሻገር ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር።