እያበሉ ልጅ መጠበቅ

ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ እማማ ጥጋብና አዋላጇ ባልተገናኙም ነበር። ለእማማ ጥጋብ ይህን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ከቤታቸው ሳይበላ የወጣ ሰው የለምና። የዚያን ዕለት ጠዋት በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት አቅፈው ወደ ልጃቸው ቤት ሲወጡ ጉልበታቸው ከዳቸውና ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። እዚያው ሕንፃ ላይ የምትኖረው ወጣት አዋላጅ ነርስ ከአዳር ሥራ ስትመለስ አገኘቻቸው።

"ልያዝልዎት እማማ? ምን ቢኖርበት ነው እንዲህ የከበደው?"

"በቅቤና በስኳር የራሰ ዳቦ ነው ልጄ፤ ለምራቴ። ካገባች አራት ዓመቷ፣ ማህፀኗ ግን ዝም ብሏል። ሰውነቷ ጠንከር ሲል ፅንስ ይይዝላታል ብዬ ጠዋት ማታ አበላታለሁ።"

"ታዲያ ወፈረች?"

"እንዴታ! ስትገባ ሸንበቆ ነበረች። አሁን ቀለበቷ እንኳ አልወጣ ብሎ በሳሙና ነው የወለቀው።" ይህን በኩራት ተናገሩና ወዲያው ድምፃቸው ወረደ። "እህቶቼ ልጄን 'ሌላ አግባ' እያሉ ይወተውቱታል። እኔ ግን እወዳታለሁ። እሷን ካጣሁ ምን ቀረኝ?"

"የወር አበባዋስ በጊዜው ይመጣል?"

"እሱማ ሁለት ሦስት ወር ይጠፋል። ፀነሰች ብለን እልል ልንል ስንል ከች ይላል።"

አዋላጇ አጠገባቸው ተቀመጠች። "ቅር አይበልዎትና እማማ፣ የሚያዘገያት ይኸው ድስት እንዳይሆን እፈራለሁ።"

"ምን አልሽ? ምግብም ጠላት ሆነ? እናንተ የተማራችሁት ደግሞ የማትገለብጡት ነገር የለም!"

እማማ ጥጋብ ግን አንድ ደግ አመል አላቸው፤ ቢቆጡም ነገሩን ሳያጣሩ አይነሱም። "እስቲ ንገሪኝ፤ ስብና ማህፀንን ምን አገናኛቸው?"

"ስብ ዝም ብሎ የተከመረ ነገር አይደለም። ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞን ማለት በደም እየዞረ ለሰውነት ትእዛዝ የሚያደርስ ነው። ስኳርና ቅባት በዝቶ ስቡ ሲጨምር ትእዛዙ ይዘበራረቅና የሴቲቱ እንቁላል በየወሩ በስሎ መውጣቱን ይተዋል። እሱ ካልወጣ ምን ይፀነሳል? እርስዎ ዶሮ አርብተው ያውቃሉ? ከመጠን በላይ የሰባች ዶሮ ምን ትሆናለች?"

"መጣል ትቀንሳለች" አሉ እማማ ቀስ ብለው። "እኔም መኖዋን እቀንሳለሁ።" ከዚያ ደንገጥ ብለው፣ "ምራቴን ከዶሮ ጋር!" ሲሉ ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።

"ሰው ዶሮ አይደለም እማማ። ሰውነት ግን ልኩን ይወዳል።"

"እና ላስርባት?"

"ኧረ በፍጹም! ርሃብም ያው ነው፣ ያዛባል። ስኳሩና ቅባቱ ይቀነስ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይጨመር፣ በእግሯ ትንቀሳቀስ። ብዙዎች ክብደታቸው ጥቂት ሲቀንስ የወር አበባቸው ይስተካከላል። ስትፀንስም ከደም ግፊትና ከስኳር በሽታ ስጋት ትርቃለች። ግን ወፍረው የሚወልዱ፣ ቀጥነው የሚቸገሩ ሞልተዋል፤ ስለዚህ ትመርመር። ልጅዎም አብሯት ይመርመር።"

"ልጄ ደግሞ ምን ሆኖ?"

"ልጅ የሁለት ሰው ሥራ ነው እማማ።"

"እሱስ አልዋሸሽም" አሉና የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ተነሱ።

ምራታቸው በሩን ከፍታ ድስቱን ስታይ ፈገግ ብላ ሳህን ልታመጣ ዞረች። አማቷ እጇን ያዙ።

"ቆይ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ይህን ሁሉ ስትበይ አንድ ቀን ርቦሽ ያውቃል?"

ምራት አንገቷን ደፋች። "እንዳይከፋዎት ብዬ ነው እማዬ። ሲሄዱ ሆዴን ይዤ እተኛለሁ።"

እማማ ጥጋብ እንባቸው መጣ። ፍቅራቸው እንዲህ ሸክም ይሆናል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት አብረው ተመረመሩ፤ የእማማ ድስትም ጎመንና ምስር ይዞ መምጣት ጀመረ። ምራት ከአማቷ ጋር ማታ ማታ በእግር መሄድ ጀመረች፤ ደረጃውን ሳታለከልክ መውጣት ቻለች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የወር አበባዋ ጊዜውን ያዘ፤ ሐኪሙም ተስፋ እንዳለ ነገራት። የእማማ እህቶች ግን አላረፉም። "ታዲያ ልጁስ?" አሉ።

"መንገዱን እያፀዳንለት ነው" አሉ እማማ ጥጋብ። "ባይመጣም ግን ምራቴን ከቤቷ የሚያስወጣት የለም። እስከ ዛሬ እኔን ላለማስቀየም ስትታመም ኖራለች። አሁን ተራው የኔ ነው፤ እናንተን አስቀይማለሁ።"