አልቀመጥም ያለው ሙሴ

በእኛ ጊዜ ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች፣ ቁጭ በሉ ቢባሉ አይቀመጡም። ጉዳያቸው እስኪሰማ ይቆማሉ። ታዲያ እኔ ቶሮንቶ የመጣሁት ይህን ይዤ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ደንብ ግን አውቃለሁ።

ልጄ ሠናይት የካርቱን ፊልም የሚሠራበት ቤት ነው የምትውለው፣ ሥዕል ትሥላለች። አለቃዋ ፈረንሳዊ ነው፣ እኔ በድሮው የፈረንጅ አጠራር ሙሴ ነው የምለው። ዓመቱን ሙሉ ሙሴ እንዲህ አለ፣ ሙሴ እንዲያ አለ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ «አባዬ፣ ነገ ሙሴ ሊያነጋግርህ ይመጣል። አባቴን ሳልጠይቅ እሺ አልልም አልኩት» አለችኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅኩም። ሴት ልጅ ያለው አባት መቼ ይጠፋዋል!

እሑድ ከቸርች እንደተመለስን በሩ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ። ሦስት ሆነው! ልብ አድርጉልኝ፣ ሦስት፣ ሁሉም ሽበታም፣ ሁሉም ጥቁር ካፖርት። «ቁጭ በሉ» አልኩ። ሁለቱ ሊቀመጡ ሲሉ ሙሴን አዩና ቆሙ። እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጣሪያውን ያያል፣ መስኮቱን ያያል።

«ትንሽ ቆሜ ልይ ይላል» አለች ሠናይት።

ደንቡን አጥንቶ መጥቷል አልኩ በሆዴ። የኔ እኩያ ሆኖ ልጄን ለራሱ ሊጠይቅ! እና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ጨዋዎች ናችሁ። ግን ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ዘመድ ላማክርና ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«ምን? አባዬ ኖ! ኖ!» ፊቷን ሸፈነች። ስትነግራቸው ሙሴ እንደ በርበሬ ቀላ። «ሚስት አለችኝ! ብትሰማ ትገድለኛለች!» ይላል፣ እሷ እያስተረጎመች። ሁለቱ፣ ለካ አብረውት የሚሠሩ ናቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ያኔ ተቀመጠ። «ይቅርታ፣ ሰው ቤት ስገባ ብርሃኑ በየት እንደሚገባ ሳላይ መቀመጥ አልችልም። ሥራዬ ነው ያበላሸኝ» አለ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

እና አወራኝ። በወጣትነቱ ሌላው ሰውን ሲሥል እሱ ከጀርባ ያለውን ሰማይ ብቻ ነበር የሚቀባው። ሰማይ፣ ሰማይ፣ ሰማይ። ኋላ ቤቱና መንገዱ ምን ይምሰል ብሎ የሚወስን ሆነ፣ ኋላም ዳይሬክተር። ታዲያ አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያሳየኛል። «የመጨረሻ ፊልሜ ነው። የፊልሙን ቤቶች ሠናይት ትሣልልኝ። ሥራው እዚሁ ቶሮንቶ ነው፣ ግን አምሽታ ትገባለች፣ አባቴ ብቻውን ይሆናል፣ ሳልጠይቀው እሺ አልልም አለችኝ።»

«ሌላ ሠዓሊ የለህም?»

«ሞልቷል። የእነሱ ቤት ያምራል። የእሷ ቤት ውስጥ ግን ሰው ይኖራል።»

እፎይ! እንዴት ያለ እፎይታ መሰላችሁ። «ትሥራ» አልኩ። «ዘመድም አላማክር።»

ፊልሙ ሲያልቅ ሠናይት ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ምን አየሁ? መስኮቴን! ሥሩም ወንበሬን፣ ጋቢዬ እንደተጣለበት። ልጄን ሊወስድ መጣ ስል መስኮቴን ወሰደልኝ።

«ታዲያ አባባ፣ የእውነት ሽማግሌ ቢሆኑ ኖሮ ልጅዎን ይሰጧቸው ነበር?» አለኝ ይህን ሳወራ የሰማ አንድ ጎረምሳ።

«ጥሎሹን አይቼ ነዋ!»