አቶ ቀናውና የማይወልዱት ዓሦች

በ2002 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ አቃቂ ገበያ ስሄድ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ጎማዋ ተነፈሰና አቶ ቀናው በር ላይ አወረደችኝ። አቶ ቀናው የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የድሮ ጎረቤቴ ናቸው። ከግቢያቸው የክርክር ድምፅ ሰማሁ። ነገር ሲሸተኝ ማለፍ አይሆንልኝምና ገባሁ።

ሽማግሌው ራሳቸው ከቆፈሩት ኩሬ ዳር ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው የባለሱቁ የታጁ ልጅ ሒክማ አለች፤ የዓሣ እርባታ ተምራ በአንድ የምርምር ጣቢያ የምትሠራ ናት። እግሯ ሥር ውሃና ኦክስጅን የተሞሉ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች ተቀምጠዋል፤ በውስጣቸው ጥፍር የሚያካክሉ ጫጩት ዓሦች ይተራመሳሉ።

«እንኳን መጣህ መምህር፤ ፍረደን» አሉኝ። «ይቺ ልጅ መካን ዓሣ ልታሸክመኝ ነው!»

«ጋሼ፣ ኦክስጅኑ ከቀትር በላይ አያቆያቸውም» አለች ሒክማ። «ቶሎ ካልወሰኑ ያልቃሉ።»

እውነቱን ለመናገር ያ ኩሬ ያሳዝን ነበር። ያረቡበት ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በጥቂት ወሩ ይወልዳል፤ ልጆቹም ይወልዳሉ፤ ምግቡ አይበቃቸውምና ሁሉም ጣት አክለው ይቀራሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ድስት የሚሞላ ዓሣ አልወጣም። ባለፈው ሳምንት ኩሬውን አድርቀው አዲስ ውሃ ሲሞሉ፣ ዘንድሮም ካልሆነ አፈር እመልስበታለሁ ብለው ዝተዋል።

«ለመሆኑ በምን አመከናችኋቸው? በመርፌ?» አሏት አቶ ቀናው።

«መርፌም መድኃኒትም የለበትም። ዓሣም ሰውም ዘሩን የሚሸከመው ክሮሞዞም በሚባል ረቂቅ ነገር ነው፤ አንድ እጅ ከእናት፣ አንድ እጅ ከአባት። እንቁላሉ ከአባቱ ዘር ጋር እንደተገናኘ የሚጥለው ትርፍ እጅ አለው። ያኔ ጥቂት ደቂቃ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ስናቆየው ሳይጥለው ይቀራል። ሦስት እጅ ሆነ ማለት ነው።»

«ከጨመረ አብዝቶ መውለድ ነበረበት እንጂ ለምን ይመክናል?»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ሒክማም ደስ አላት።

«ለመውለድ ክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እኩል መከፈል አለባቸው። ሁለት እጅ ይከፈላል። ሦስት ሲሆን ጥንዱ ይምታታል፤ ደህና እንቁላል አይወጣም።»

«አራት ቢሆንስ?»

«ጥንድ ካገኘ ሊወልድ ይችላል። አዋሽ ውስጥ ያለው ትልቁ ነጭ ዓሣ ስድስት እጅ ተሸክሞ ይኸው ይዋለዳል።»

«ስድስት? በጎልማሳነቴ ስንቱን በመንጠቆ አውጥቼ በላሁት!»

ከሳቁ በኋላ ግን ወደ ቤቱ ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ ብዙወርቅ የተዳረችው ጥር ላይ ነው። እዚሁ ግቢ ነው የምትኖረው። የማይወልድ በልታ ማኅፀኗ ቢዘጋስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ቀልዱ እዚያ ላይ አበቃ። የልጅ ልጅ ሳያዩ መሞትን የሚፈሩ አባት ናቸውና አንጀቴን በሉት።

ሒክማም አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ለሠርጓ ምን አረዱ?»

«ሰንጋ ነዋ! ሙክትም አለበት።»

«ሙክቱ ይወልድ ነበር?»

«የተኮላሸ ነው እንጂ» አሉ አቶ ቀናው ቀስ ብለው።

«እርስዎስ በዕድሜዎ ስንት ሙክት በልተው ስንት ወለዱ?»

«ሰባት።»

«አራስ ሴትስ በምን ትጠገናለች? የበላነው ሆዳችን ውስጥ ይፈጫል እንጂ የእንስሳው መምከን ወደ እኛ አይተላለፍም። ዓሣውም እንደ ሙክቱ፣ ለመውለድ የሚያወጣውን ጉልበት ሥጋ ያደርገዋል። ሁሉም ይመክናሉ አልልዎትም፤ አልፎ አልፎ የሚያመልጥ አለ። ጫጩቱንም በየጊዜው ከእኛ መውሰድ ይኖርብዎታል።»

«የፈረንጅ ዶሮስ ጫጩቱ በየጊዜው አይገዛ?» አሉ ራሳቸው። ጉድለቱን ሳትደብቅ መናገሯ ከሁሉ በላይ ልባቸውን እንደከፈተው አየሁ። ከዘራቸውን ለእኔ አቀብለው አንደኛውን ከረጢት አነሡ። ሙቀቱ እንዲመጣጠን ውሃው ላይ ጥቂት አንሳፈፉትና ፈቱት።

በዓመቱ ግንቦት ለክርስትና ተጠራሁ። ብዙወርቅ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ምስጋናው የእሷና የባሏ እንጂ የዓሣው አይደለም። ዓሣው የራሱን ድርሻ ተወጥቷል፤ ሳይጨናነቅ አድጎ አንዱ ብቻውን ሳህን ይሞላ ነበር። ሥጋ በየእምነታችን ስለሚታረድ አብረው በልተው የማያውቁት የታጁ ቤተሰቦችም፣ ዓሣ ሁላችንንም ያስማማልና በአቶ ቀናው ገበታ ተቀምጠዋል። ባለማወቅ ፍርሃት አፈር ሊሞላ የነበረው ጉድጓድ ሁለት ቤት መገበ።

አቶ ቀናው ተነሥተው በአንድ እጃቸው ወደ ሙክቱ ወጥ፣ በሌላው ወደ ዓሣው እያመለከቱ እንግዶቹን ጋበዙ፦

«ይሄም አይወልድም፣ ያም አይወልድም፤ እናንተ ግን ብሉና ውለዱ!»