እስከ አስር መቁጠር
ጎንደር መድኃኒት ቤት ስሠራ፣ አንድ የአብነት መምህር ደረታቸው ሲር ሲር እያለ ገቡ። «ልጄ፣ ይኼ የአስም መርጫ ሁለት ጊዜ ሳበው ተብዬ፣ ትናንት ስድስት ጊዜ ብስበውም ጠብ አላለልኝ» አሉኝ። ደንግጬ «እስቲ ፊቴ አንዴ ይሳቡት» አልኋቸው። ሳቡና ወዲያው ጮክ ብለው «አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ…» ማለት ጀመሩ። ለካ ትንፋሽዎን ይዘው እስከ አስር ይቁጠሩ ተብለው ኖሯል! መድኃኒቱ ከቁጥሩ ጋር እየወጣ ነው።

«የኔታ፣ አፍዎን ገጥመው በልብዎ ይቁጠሩ» አልኋቸው። ደቂቃ ቆይተው ሁለተኛውን ሳቡና ዝም አሉ። እኔ አስርን አልፌ ሃያ ስደርስ እሳቸው ዓይናቸው ፈጧል። «ኧረ ይተንፍሱ!» ብዬ ጮህሁ።

ተነፈሱ። ደረታቸው ቀስ በቀስ ለቀቅ ሲልላቸው ግን ተቆጡኝ፦ «ምነው አቋረጥሽኝ? በዜማ እየቆጠርሁ ገና ሰባት ላይ ነበርሁ!»