የሉሊት ትንፋሽ

— ሄሎ? … አዎ፣ መዝገብ ቤት ነው። ማን ልበል? … ጋሽ ዘካሪያስ! ከካምባ ነው የምትደውለው? … ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። … ትንሽ ጮክ በል፣ ይቆራረጣል።

ሉሊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስልኩ ያለው ወለቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወለቴ ደግሞ ለሌላ ሰው ስልክ ሲመጣ ሥራዋን አቁማ የምታዳምጥ የቢሮ ጓደኛ ናት።

ዘካሪያስ ሉሊት የምትዘምርበት ኳየር መሪ ነው። ለቤተ ክርስቲያኗ ኮንፈረንስ ዝግጅት ቀድሞ ካምባ ወርዷል። ስለ መድረኩ ነገራት፣ ስለ ማደሪያው ነገራት፤ የካምባ ምእመናን ስለ እሷ ሰምተው እየጠበቋት መሆኑንም ነገራት። ከዚያ አንድ ነገር አዘዛት።

— አለሁ፣ አለሁ። … የቱጋ? … «እጅህ» ካልኩ በኋላ?

በፋሲካ ዕለት ብቻዋን ስትዘምር ያቆመችው እዚያ ላይ ነበር። «እጅህ» ብላ፣ «አይደክምም» ሳትል ዝም አለች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ። ሕዝቡ መንፈስ ነካት ብሎ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ተንበረከኩ። ዘካሪያስ አሁን ያንን ዝምታ ካምባም ላይ ልክ እንደዚያው እንድትደግምለት ይፈልጋል፤ ኪቦርዱም ከበሮውም እዚያ ቦታ ላይ ቀጥ እንዲሉ አስቀድሞ አስማምቷል።

ሉሊት ግን ያን ቀን ትንፋሿ አልቆባት ነበር። ቢሮ ከተቀጠረች ወዲህ ወፍራለች። ሰው ሁሉ ተስማማሽ፣ አማረብሽ ይላታል። እውነቱን ብትናገር ብቻዋን የምትዘምረው ሶሎ ለሌላዋ የኳየሩ ዘማሪ ለአይዳ ይሰጣል ብላ ትፈራለች። ከሰው ጋር ሁለት ቃል ተናግራ ለምትጨርስ ልጅ ደግሞ፣ ድምፅዋ ለሰው የሚሰማው እዚያ መድረክ ላይ ብቻ ነው።

— ጋሽ ዘካሪያስ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። … ያን ቀን ያቆምኩት ትንፋሽ አጥሮኝ ነው።

እጀታውን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? … አስም አይደለም። እኔም አስም መስሎኝ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። … ሳንባሽ ጤነኛ ነው፣ የሚሰፋበት ቦታ ነው ያጣው አለኝ። … በውፍረቱ ነዋ። ሆዴ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ደረቴም ያን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚነሳው። ለዚህ ነው ትንሽ ስሄድ የሚደክመኝ። … እሱማ አምሮብኝ ይሆናል። የሚያምርብኝ ግን ቁጭ ስል ነው። … ወለቴ፣ አትሳቂ እንጂ። … አይ፣ አንተን አይደለም።

ዘካሪያስ አልተቆጣም፤ አዘነ። እሱ ማዘኑ ደግሞ ከቁጣው ይልቅ አስፈራት። እንግዲያው እረፊ አላት፤ መኪና እየያዝሽ ተመላለሺ፣ ለዚህ ኮንፈረንስ አይዳ ትሸፍንልሻለች አላት።

— ሐኪሙ እረፊ አላለኝም። ተራመጂ ነው ያለኝ። … ከሲቀላ ሴቻ፣ በእግሬ። … አዎ፣ ያንን አቀበት።

ከታችኛው ሰፈር ወደ ላይኛው የሚወጣውን መንገድ መጀመሪያ ላይ እኩሌታውን እንኳ አልፋ አታውቅም ነበር። ሚኒባሶቹ እያዩዋት ይቆሙላታል፤ ረዳቶቹ በመስኮት ብቅ ብለው፣ እህቴ ተይ ምን አደረግንሽ እያሉ ይለምኗታል። ሐኪሙ፣ እየሄድሽ ማውራት ካቃተሽ ፍጥነትሽን ቀንሺ ብሏት ነበር። የምታወራው ሰው ስላልነበራት መዝሙሩን ማንጎራጎር ያዘች። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል፣ ቆይታ ቆይታ ሦስት። ከክረምቱ ወዲህ ቀሚሷ ብዙም አልሰፋትም፤ አቀበቱ ግን የድሮውን ያህል አይረዝምባትም።

— ስማኝማ ጋሼ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ አላቆምም፣ መስመሩን እጨርሰዋለሁ። … አሁን? በስልክ? … ቢሮ ነኝ እኮ። … እሺ። እሺ፣ ዛሬ መወሰን እንዳለብህ ገብቶኛል።

ዞር ብላ አየች። ወለቴ አሁን መስማቷን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም። ጥግ ላይ የሚሠሩት ባልደረባቸው አቶ ታምሩ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ። ሉሊት ብድግ አለች፤ ስትቆም ደረቷ ቦታ እንደሚያገኝ አሁን ታውቃለች። ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። የመዝሙሩ መስመር እየረዘመ ሄደ። «እጅህ» ላይ ደረሰች። ከጎድኗ በታች የተረፈ ትንፋሽ እንዳለ ተሰማት። «አይደክምም» ብላ፣ ሳትቸኩል፣ እስከ ጫፉ ወሰደችው።

— ሄሎ? … ጋሽ ዘካሪያስ? … ሄሎ? … ማን ልበል? … አሃ፣ ኦፕሬተሯ ነሽ። … ካምባ ተቆረጠ? መቼ? … «እጅህ» ስል?

ክው አለች። እሱ ጋ የደረሰው ያው የፋሲካው ዝምታ ነው ማለት ነው። አሁንም አቅቷት ያቆመች ይመስለዋል። ከካምባ ያገናኘቻቸው ኦፕሬተር ግን ገና አልዘጋችም ነበር።

— አንቺ ሰማሽው? … እስከ መጨረሻው? … አመሰግናለሁ፣ እህቴ። … እባክሽ፣ መስመሩ ሲገኝ አንቺው ንገሪልኝ። … ሌላ አያስፈልግም፣ ጨረሰችው በይው። … አዎ፣ በአንድ ትንፋሽ። … እሺ፣ ደህና ዋይ።

ስልኩን ዘጋች። እስከዚያ ድረስ ሳይደክማት ቆማ እንደነበር ያስተዋለችው ያኔ ነው።