ያልተጠራ ደቦ

ልጄ ያብስራ የለም። ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ትኩሳት ወሰደው።

የቀበርነው እዚሁ ቤይሩት ነው። እናቴ አገር ቤት ናት፣ ምሽግ ሥር በምትባል ትንሽ የገበሬ ከተማ። እስካሁን አልሰማችም። እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ ልጁን አገናኘኝ ትላለች፣ ተኝቷል እላታለሁ። ባለፈው እሑድም ዶራ በሚባለው ሰፈር ባለችው ክፍላችን ተቀምጠን ሳለ ደወለች። ባለቤቴ ሰናይት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ ለያብስራ ብላ የምታሳድገው ጠቦት ቀንድ ማውጣት እንደጀመረ ነገረችኝ። «ሲመጣ እሱ ራሱ ስም ያወጣለታል» ብላ ሳቀች። ተኝቷል ብዬ ዘጋሁ።

እማማ ውባለም አጠገባችን ነበሩ። እሳቸውም የምሽግ ሥር ሰው ናቸው፤ ቤይሩት ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሠርተዋል። ከለቅሶው ወዲህ በዕረፍት ቀናቸው፣ ማዳም ከሚሏት አሠሪያቸው ቤት፣ ከአሽራፊዬ ሰፈር እየመጡ ያጫውቱናል። የሰናይት ጓደኛ ሐያትም ነበረች። ስልኩን ስዘጋ እማማ ጀመሩ። የተናገሩትን፣ ጣል የሚያደርጉትን ዓረብኛ ሳይቀር፣ እንዳለ ጻፍኩት።

«በእኛ ጊዜ ምሽግ ሥር የሚባል ከተማ የለም፤ ምሽጉ ብቻ ነው ያለው፣ ኮረብታው ላይ፣ በድንጋይ የተሠራ፣ ግድግዳው ያኒ ከዚህ ከእኔ እስከ መስኮቱ የሚወፍር፣ ውስጡ ወታደር የሞላበት። እኛ ታች ነን፣ ገበሬዎች ነን። ታዲያ ወታደር ይበላል አይደል? ሽንኩርት ይፈልጋል፣ እንቁላል ይፈልጋል፣ ጠላ ይፈልጋል፣ ጠላውን እንዲያውም ከሽንኩርቱ በፊት ነው የሚፈልገው፣ እና እናቶቻችን ተሸክመው ይወጣሉ፣ በሩ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ዘበኛው ‹ዞር በሉ! ክልክል ነው!› ይላል፣ ደግሞ አለቃው ዞር ሲል ‹እቴ፣ እስኪ ያቺን አንድ ጣሳ› ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ በሩ ላይ ገበያ ቆመ፣ ገበያው ዳር ቤት ተሠራ፣ ቤቱ ዳር ሌላ ቤት ተሠራ፣ ወፍጮ መጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ። ታዲያ አንድ ቀን ወታደሩ በካሚዮን ተጭኖ ሄደ፣ ወዴት እንደሄደ የነገረን የለም። ኸላስ፣ አለቀ። እኛም ‹እንግዲህ ከተማዋም አበቃላት› አልን። አላበቃላትም። ወታደሩ ሄደ፣ ሽንኩርቱ ቀረ። ሰውም ምሽጉን እያፈረሰ ድንጋዩን ለቤቱ ወሰደ። የእናትህ የደጃፍ ድንጋይ የምሽጉ አይደለም እንዴ ይርጋ?»

«ነው፣ እማማ» አልኩ።

«ነው እንጂ! እና ከወታደሩ ሁሉ አንድ ሰው ቀረ፣ ሃምሳ አለቃ ደምስ። የምሽጉ ጥሩምባ ነፊ ነበር፣ ጠዋት ወታደሩን የሚያስነሣው፣ ማታ የሚያስተኛው እሱ ነው። የእኛን አገር ልጅ አግብቶ ነበር፣ ጥሩነሽን፣ እና ካሚዮኑ ሲነሣ ዘሎ ወረደ አሉ፣ ‹እኔ ሽንኩርት ተክዬ እሞታለሁ› ብሎ። ጥሩምባውን ይዞ ነው የወረደ። ታዲያ እድር ስናቋቁም ለቀብር የሚለፍፍ ሰው ያስፈልጋል፣ ማን ይሁን? ደምስ! ሰው ሲሞት ማለዳ ምሽጉ ላይ ይወጣል፣ ይነፋል፣ ‹እገሌ አርፏል! ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው!› ይላል። ድምፁን ብትሰሙት! ለቀብር ሳይሆን ለጦርነት ነው የሚጠራን።»

ይህን ሲሉ ደረታቸውን ነፍተው ጮኹ። ሐያት ሳቀች፤ «እማማ፣ ማዳም ሰምታ ትመጣለች» አለቻቸው።

«የእኔ ማዳም ጆሮዋ አይሰማም፣ የደምስ ጥሩምባ እንኳ አያስነሣትም። ብቻ ስሙኝ። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ ቤታችን ከደምስ ቤት አጥር ለአጥር ነው። አንድ ልጅ ነበረው፣ አበጀ፣ እንደ ሸንበቆ የተመዘዘ ልጅ። መንገድ ሥራ ብሎ ቆላ ወርዶ ነበር፣ ‹ጤፍ ሲታጨድ እመጣለሁ› ብሎ። ታዲያ መኪና ተገለበጠበት፣ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ወሬውን ያመጣው እህል የሚጭን ሾፌር ነው፣ ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ተካ ነገራቸው። አቶ ተካም ሽማግሌ ሰበሰቡ፣ ባሌም ሄደ። አሁን እስኪ አስቡት። ሞት ሲመጣ የሚለፍፈው ማነው? ደምስ። የሞተው የማን ልጅ ነው? የደምስ። ታዲያ ማን ይንፋ? አቶ ተካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እህህ፣ እህህ፣ ‹ወገኖቼ፣ የሰውዬው ጤፍ ሜዳ ላይ ነው፣ ሰማዩም ደመና ይዟል። ዛሬ መርዶውን ብንነግረው ለቅሶ ይቀመጣል፣ እህሉ ይበሰብሳል። ልጁንም እህሉንም ባንድ ጊዜ አንቀማው› አሉ። ሁሉም ‹እውነት ነው፣ እውነት ነው› አለ። ደግ ሰዎች ናቸው እኮ! ክፋት የለበትም! ይታጨድ፣ ይከመር፣ ከዚያ ይነገረው ተባለ።

እና ደምስ ምንም አያውቅም። በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ‹ውቢት! አበጀ ሲመጣ ሚስት ትፈልጊለታለሽ፣ ብቻ እንዳንቺ ምላሰኛ እንዳትሆን› ይለኛል፣ ይስቃል። እኔም እስቅና ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቅሳለሁ። ባሌ ‹ዝም በይ፣ ይሰማሻል› ይለኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ማለዳ ደምስ ማጭዱን ይዞ ሲወጣ ከተማው በሙሉ ጤፉ ውስጥ ገብቷል። ያኒ ሁሉም! ባለሱቁ፣ ባለወፍጮው፣ ቄሱ ሳይቀሩ ቀሚሳቸውን ሰብስበው። አሁን ሰናይትና ሐያት፣ እናንተ ከተማ ያደጋችሁ አታውቁም፣ ደቦ ይጠራል። ባለቤቱ በዋዜማው ቤት ለቤት ዞሮ ‹ነገ ደቦ አለኝ› ይላል፣ ሚስቱ ጠላ ትጠምቃለች፣ ሰውም ሲያጭድ ይዘፍናል፣ ይፎክራል፣ ሰነፉን ይሰድባል። ሳይጠሩት ደቦ የሚሄድ ማን አለ? ማንም። ይኼን ደቦ ግን የጠራው የለም። አይዘፍንም። አይሳደብም። ማጭዱ ብቻ ሸር ሸር ይላል። ደምስ መጀመሪያ ሳቀ። እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመና ‹የዚህ ደቦ አዛዥ ማነው?› አለ። ዝም። ‹አዛዥ የሌለው ጦር ነው እንዴ?› አለ። ዝም። ‹ጥሩነሽ! ያለውን ጠላ አውጪ!› አለ፣ አወጣች። ጣሳውን ለባሌ ሰጠው፣ ባሌ ‹ጠግቤያለሁ› አለ። ባሌ! ጠላ! ለአቶ ተካ ሰጣቸው፣ ‹ሆዴን አሞኛል› አሉ። ደቦ ገብቶ ጠላ እምቢ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«እኔ አለሁ፣ እማማ» አለች ሐያት።

«አንቺማ እስላም ነሽ፣ የማያሰክረው ቀሪቦ ይቀርብልሻል፣ ዝም በይ። ታዲያ ደምስ ጣሳውን መሬት አስቀመጠው። ሁሉንም ተራ በተራ አየ፣ ሁሉም ጤፍ ጤፉን ያያል። ‹ጨርሱ› አለ። ብቻ ጨርሱ። እና ራሱም ጎንበስ ብሎ አብሮን አጨደ፣ ጥሩነሽም ነዶ ተሸከመች። እኔ አጠገቧ ነኝ፣ ‹ውቢት፣ ምንድነው?› ትለኛለች፣ ‹ምንም› እላታለሁ። ‹በናትሽ ምንድነው?› ‹ምንም።› ክምሩ ሲያልቅ ደምስ ቀና አለ። ‹አበጀ ነው?› አለ። ቄሱ ማጭዱን ጥለው አማተቡ። ‹መቼ?› አለ። አቶ ተካ ነገሩት።

አልጮኸም፣ ልጄ። ቢጮህ ይሻል ነበር። ‹ጤፌን አዳናችሁልኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ› አለ። ‹እኔ ግን ልጄ አፈር ገብቶ ስስቅ ከረምኩ። ሚስት ስፈልግለት ከረምኩ› አለ። ከዚያ እቤቱ ገባ፣ ጥሩምባውን ይዞ ወጣ፣ ወደ ምሽጉ ሄደ፣ የሚከለክለው ጠፋ። እኛ ማጭዳችንን እንደያዝን ቆመናል፣ ጥሩነሽ መሬት ላይ ወድቃለች። ነፋ። ረጅም ነፋ። ‹አበጀ ደምስ አርፏል!› አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ የቀብሩን ሰዓት ሊናገር አፉን ከፈተ። ቀብር የለም። ተቀብሯል፣ ከተቀበረ ቆይቷል። እና አፉን እንደከፈተ እዚያው ቆሞ ቀረ።»

እማማ አቆሙ። ውጭ የቫን ረዳት «ያላ፣ ያላ» እያለ ሰው ይጠራ ነበር።

«አሁን እናትህ ስትስቅ ሰማኋት፣ ይርጋ» አሉኝ።

«አገር ስገባ በአካል ልነግራት ብዬ ነው፣ እማማ።»

«መቼ ነው የምትገባው?»

«አላውቅም። ወረቀቴ አላለቀም።»

«እሺ። እስከዚያ ጠቦቱ በግ ይሆናል።»

«ብቻዋን ናት። በስልክ ነግሬያት ብትወድቅ ማን ያነሣታል?»

«በስልክ ማን አለህ? መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ሀራም ነው! ሰው የለህም? ጎረቤት የላትም? ማለዳ ሳይነጋ በሯ ላይ ይቁሙ። እነሱ ይያዟት። ሐዘን ቢያቆዩት አይቀንስም፣ ልጄ። በመሐል የሚሳቀው ሳቅ ነው ኋላ የሚመረው።»

ሰናይት ከግድግዳው ዞረች።

«እኔ ተኝቷል ሲል መስማት አልችልም» አለች። «በየሳምንቱ። እኔም እኮ ለአፍታ አምነዋለሁ፣ እማማ። ተኝቷል ሲላት ቀስ ብዬ እራመዳለሁ።»

ይህን አላውቅም ነበር።

ሐያት አቅፋ ያዘቻት። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፣ የማዳም የመድኃኒት ሰዓት ደርሶ ነበር። በሩ ጋ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «በርታ። የደምስን ጤፍ ግን ዝናብ አላገኘውም፣ ይኼንንም ልንገርህ። በዚያ የአጨዳ ወር ሁሉ ጠብ አላለም» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። ሐያት እስከ ቫኑ ሸኘቻቸው።

እኔ ደረጃው ላይ ወጥቼ ለአጎቴ ለጋሽ አድማሱ ደወልኩ። ምሽግ ሥር ናቸው፤ ቤታቸው ከእናቴ ቤት ሁለት አጥር ይርቃል። ደኅና ነህ ወይ አሉኝ። ያብስራ እንዴት ነው አሉኝ።

«ሞቷል» አልኳቸው። «ነገ ማለዳ ሰው ይዘው ለእናቴ ይንገሩልኝ።»

«ለጎረቤቶቿ አሁን ሄጄ እነግራለሁ፣ ብቻዋን አትሆንም» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም ደረጃው ላይ ተቀምጬ አብሬያቸው አለቀስኩ።